ሁለታችን ካልተገኘን የማይከፈት ፖስታ

እስቲ ጥፋቴን ከሥሩ ልጀምር። አንዳንድ ሰው ጥፋቱን ሲናገር ከመሃል ይጀምርና ጨርሶ ሲነሳ ተበዳይ ሆኖ ቁጭ ይላል። እኔ እንደዚያ አላደርግም። በፈረንጆቹ ነሐሴ 1935 ዋርሶ ውስጥ፣ የዓለም አገሮች የቼዝ ቡድን ውድድር ሲካሄድ፣ የሚወደኝን ሰው አሳልፌ ሰጠሁት። በገዛ አፌ፣ በጠዋት፣ ኪያር እየላጥኩ።

ብሮንያ እባላለሁ። ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ሥራዬ በመኮንኖች ክበብ ትልቁ አዳራሽ የግድግዳውን ሰሌዳ ማንቀሳቀስ ነው፤ ተጫዋቾቹ ጠረጴዛ ላይ የሚጫወቱትን እኔ በረጅም ዘንግ ግድግዳው ላይ ለተመልካቹ እሰቅላለሁ። ቼዝ የማያውቅ ሰው ለዚህ ሥራ አይቀጠርም። እኔ ደግሞ ከታላቅ ወንድሜ ከዜኖን ጋር ያደግኩ ነኝ፤ በእኛ ቤት ከዳቦው ቀድሞ ጠረጴዛ ላይ የሚቀርበው የቼዝ ሰሌዳ ነበር። ዜኖን በዚያ ዓመት ለፖላንድ ቡድን ተጠባባቂ ሆኖ ተመርጦ እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ ነግራ አዳርሳለች።

ፖቪላስ የሊትዌኒያ ተጫዋች ነው፤ የጂኦግራፊ መምህር። ፖላንድኛ የተማረው ከአያቱ ስለሆነ የሚያወራው እንደ ሰማንያ ዓመት አሮጊት ነው። በመጀመሪያው ቀን ዘንጌ ከእጄ አምልጦ ጫማው አጠገብ ወደቀ። ብድግ ብሎ አነሳና፣ «እመቤቲቱ ሆይ፣ በትርዎን እነሆ» አለኝ። ሳቄን ለማፈን ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሰበ ቁጥር ዓይኑን ከጠረጴዛው ወደ ግድግዳው ያነሳል። ሰው ሁሉ ሰሌዳውን የሚያይ ይመስለዋል። እኔ ግን አውቅ ነበር፤ ጉንጬም ያውቅ ነበር፣ ቲማቲም ይመስል ነበር።

ሁለቱ አገሮቻችን በቪልኖ ከተማ ምክንያት ከተኳረፉ አሥራ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። ባቡር የለ፣ ፖስታ የለ፤ ሐዲዱ ድንበሩ ላይ ሣር በቅሎበታል። ፖቪላስ ራሱ ዋርሶ የደረሰው በላትቪያ፣ በሪጋ ከተማ ዞሮ ነው። ውድድሩ ሲያልቅ በዚያው መንገድ ዞሮ ይሄዳል፣ እኔም ዘንጌን አስረክቤ ወደ ቤቴ እገባለሁ። ይህን እያወቅኩ ነው የወደድኩት። ማንም አላታለለኝም።

በአሥረኛው ቀን ዕጣው ፖላንድን ከሊትዌኒያ ጋር አገናኘ። ዜኖን ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ተሰልፎ ሁለቱንም ተሸንፏል፤ የቡድኑ አለቃ፣ «ይህ የመጨረሻ ዕድልህ ነው» ብሎ አስቀመጠው። ከፊት ለፊቱ የተቀመጠው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ፖቪላስ።

አምስት ሰዓት ሙሉ ተጫወቱ፤ ጨዋታው አላለቀም። በሕጉ መሠረት ለማግስቱ ተላለፈ። ተራው የፖቪላስ ስለነበር ቀጣዩን እርምጃውን ማንም ሳያየው ወረቀት ላይ ጻፈና ፖስታ ውስጥ ከቶ አሸገው። ሽማግሌው ዳኛ ፖስታውን ከፍ አድርገው፣ በየቀኑ እንደሚሉት፣ ያንኑ አሉ፦ «ሁለቱ ተጫዋቾች ካልተገኙ አይከፈትም። የታሸገውን የሚያውቅ ያሸገው ብቻ ነው። ባዶ ወረቀት ያሸገ እጁን እንደሰጠ ይቆጠራል።» ይህን በአሥር ቀን ውስጥ ሃምሳ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ጆሮዬ ማዳመጥ አቁሞ ነበር።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ዋዜንኪ መናፈሻ ተገናኘን። ኩሬው ዳር፣ ዳክዬዎቹ አጠገብ። ፖቪላስ ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክራል።

«ሌላ ሰው ቀለበት ይሰጣል» አለኝ። «እኔ ግን ያለኝ የመምህር ደመወዝ ነው። ስለዚህ በዚህ ከተማ ማንም የማያውቀውን ነገር ልስጥዎ።»

«ምንድን ነው እሱ?»

ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ፣ «ፈረሱን ወደ ጥግ መለስኩት» አለኝ።

ሰሌዳው እንዳለ በዓይኔ መጣ። ፈረሱ መሃል ላይ ቆሞ ወንድሜን አንቆ ይዟል፤ እሱን ወደ ኋላ፣ ወደ ጥግ መመለስ የሚያስብ ሰው የለም። ግን ሲታይ እንዴት ያምራል! ከዚያ በኋላ ዜኖን፣ ቀድሞ ካላሰበበት፣ የሚሸሽበት የለውም።

«እንዴ! ይህ እኮ አይነገርም!» አልኩት።

«አይነገርም። ለዚህ ነው የነገርኩሽ።»

ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ» የወረደው በዚያች ቅጽበት ነው። ደስታዬን የማስቀምጥበት ቦታ አጣሁ። የቼዝ ሰው ከዚህ የበለጠ የሚሰጠው ምን አለ? ሕጉን፣ ስሙንና ጨዋታውን በአንድ ትንፋሽ አስጨበጠኝ።

እዚያ ላይ ዝም ብል ኖሮ! እኔ ግን፣ «ቅዳሜ ትሄዳለህ። ከዚያስ? ትጽፍልኛለህ?» ብዬ ጠየቅኩት።

ፊቱ ተዘጋ። «ከእኛ አገር ወደ እናንተ ደብዳቤ አይሄድም» አለኝ።

እሱማ እኔም አውቃለሁ። እኔ የፈለግኩት ስለ ፖስታ ቤት ሳይሆን ስለ እኔ አንድ ነገር እንዲለኝ ነበር። እሱ ግን ሰዓቱን አየና፣ «ይቅርታ፣ አንድ ሰው ከሆቴሉ ሳይወጣ ልድረስበት» ብሎ ባርኔጣውን በእጁ እንደያዘ እየሮጠ ሄደ። እየሮጠ! ከዳክዬዎቹ ጋር ቀረሁ። ድንቄም ፍቅር፣ አልኩ። አሥር ቀን ሲያየኝ ከርሞ፣ ስለ ነገ ስጠይቀው እግሬ አውጪኝ አለ። ቤቴ እስክደርስ ትራም ውስጥ እንባዬን እየዋጥኩ ነበር።

ጠዋት ስነሳ ዜኖን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ሰሌዳው ከፊቱ፣ ዓይኑ ደም መስሏል። እናቴ በጓሮ በር ብቅ ብላ፣ «ዝም በይው፣ አልተኛም» ብላኝ ወደ ገበያ ወጣች። ቢላዋ አንስቼ ለቀዝቃዛው ሾርባ ኪያር መላጥ ጀመርኩ።

«ግንቡን ካንቀሳቀሰ እተርፋለሁ» ይላል ለራሱ። «ወታደሩን ከገፋም እተርፋለሁ። ሌላ ምን አለው? ሌላ ምንም የለውም።» ከዚያ ድምፁ ተሰበረ። «ብሮንያ፣ ዛሬ ከተሸነፍኩ ዳግም አያስቀምጡኝም እኮ። ለእማማ ምን እላታለሁ? ለመንደሩ ሁሉ ነግራ።»

ሠላሳ ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ እንደዚያ ሲል አንጀት ይበላል። አንጀቴን በላው። ግን እውነቱን ልናገር ብዬ ነው የተነሳሁት፤ አንጀቴ ብቻ አልነበረም። ግማሹ ለወንድሜ ነበር። ሌላው ግማሽ ያ ሩጫ ነው፤ ባርኔጣውን ይዞ ሲሮጥ ጀርባው ከዓይኔ አልጠፋም።

«ፈረሱንስ ወደ ጥግ ቢመልሰው?» አልኩ። ከኪያሩ ቀና ሳልል።

ዜኖን ሳቀ። «ሂጂ ኪያርሽን ላጪ! ፈረስ እንዲህ ካለ ቦታ ማን ይመልሳል?» ጠጠሩን ግን በሁለት ጣቱ አነሳና ጥግ አስቀመጠው። ሳቁ ቆመ። እኔ መላጤን ቀጠልኩ።

«ከየት አመጣሽው?» አለኝ በሹክሹክታ።

«እንዲሁ ታየኝ።»

ይህች ናት። ሕይወቴን ያበላሸችው ዐረፍተ ነገር ሁለት ቃል ናት። ያን ጊዜ እንኳ መመለስ እችል ነበር፤ «ቀልዴን ነው፣ ተወው» ማለት እችል ነበር። ኪያሩን ጨርሼ ጨው ነሰነስኩበት።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ፖላንድና ሊትዌኒያ ሲባል ቼዝ የማያውቀውም መጥቷል። ፖቪላስ ሲገባ ከሩቅ ፈልጎ አየኝና ፈገግ አለ። ፊቱ ላይ የምሥራች የያዘ ሰው መልክ ነበር። እኔ አኩርፌ ዘንጌን አየሁ።

ዳኛው ፖስታውን ለሁለቱም አሳይተው ቀደዱ። አዳራሹ ሁሉ የሳቸውን እጅ ሲያይ፣ የእኔ ዘንግ ሳላውቀው ከግድግዳው ፈረስ ሥር ደርሶ ቆሟል። ገና አልተነበበም እኮ! ደንግጬ ዘንጉን ስመልስ ይህን ያየ አንድ ሰው ብቻ ነው። ፖቪላስ። ሳቁን ለመደበቅ አፉን በእጁ ሸፈነ፤ ምስጢራችን ነዋ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ድረስ ያመኛል።

«ፈረስ ወደ ጥግ» አሉ ዳኛው። አዳራሹ አጉረመረመ። ሰቀልኩት።

ዜኖን ወንበሩን እንኳ ሳያስተካክል መለሰ። ማንም ያልጠበቀውን፣ ብቸኛውን መውጫ። ሰዓቱን መታና እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ።

ፖቪላስ ሰሌዳውን አየ። ከዚያ ዜኖንን አየ። ከዚያ ዓይኑ ቀስ ብሎ ወደ ግድግዳው፣ ወደ እኔ ወጣ፤ ፈገግታው እላዩ ላይ እንዳለ ነበር፣ ማውረድ የረሳው። ከዚያ ወረደ። «ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ» የሚሉት ነገር እውነት መሆኑን ያን ቀን አወቅኩ። አቻ የሚወጣበት መንገድ ከፊቱ ተዘርግቶ ነበር፤ እኔ እንኳ አይቼዋለሁ። እሱ ግን ሰሌዳውን አያይም። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ተቀምጦ ሰዓቱ ሲሄድ የእጁን መዳፍ ያያል። በመጨረሻ ንግሥቱን በተሳሳተ ቦታ አስቀመጠ፣ ዜኖን በላት፣ አለቀ።

ጭብጨባው ጣሪያውን ነቀነቀው። ዜኖን ዘሎ መጣና እጄን ከነዘንጌ ወደ ላይ አነሳው። «እህቴ ናት ያገኘችው!» ብሎ ጮኸ። «እኔ ምንም አላየሁም ነበር! ጠዋት ወጥ ቤት፣ ኪያር እየላጠች!»

ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበልኝ። የጋዜጣ ፎቶ አንሺው ብልጭ አደረገብኝ። የሊትዌኒያው ቡድን አለቃ ግን አልሳቀም፤ ዳኛውን ይዞ መጣ። «ይህ ልጅ በሁለት ሰከንድ እንዴት መለሰ? የታሸገው እርምጃ አስቀድሞ ወጥቷል!»

ዳኛው መነጽራቸውን ወደ ፖቪላስ መለሱ። «የታሸገውን ለሰው ነግረዋል?»

አፌን ከፈትኩ። እምላለሁ፣ ከፍቼዋለሁ፤ «እኔ ነኝ» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ፖቪላስ ወደ እኔ ሳይዞር ራሱን በትንሹ ነቀነቀ። ተይ ማለቱ ነው።

«ለማንም አልነገርኩም» አለ። «ወይዘሪቷ ቼዝ ያውቃሉ። ጥሩ አዩ።» የዜኖንን እጅ ጨበጠ፣ ወረቀቱ ላይ ፈረመ፣ ወጣ።

በሕይወቱ ዋሽቶ እንደማያውቅ ፊቱ ይናገራል። እኔን ለማዳን ዋሸ፤ እኔም እንዲዋሽ ተውኩት።

አዳራሹ ባዶ ሲሆን ጠጠሮቹን እየሰበሰብኩ ሳለ አንድ ግዙፍ ሰው መጣ፤ የላትቪያው ተጫዋች አርቪድስ፣ ሪጋ ውስጥ ፋርማሲ ያለው። ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ዘረጋልኝ።

«የፋርማሲዬ አድራሻ ነው» አለኝ በተሰባበረ ፖላንድኛ። «አንቺ ለእኔ ትልኪያለሽ፣ እኔ ለእሱ። እሱ ለእኔ፣ እኔ ላንቺ። ትናንት አመሻሽ ላብ በላብ ሆኖ ደረሰብኝ፤ ልወጣ ስል። ግማሽ ሰዓት ለመነኝ። እኔ ደብዳቤ አመላላሽ ነኝ እንዴ ብለው፣ ባርኔጣውን መሬት ላይ አስቀምጦ ሊንበረከክልኝ!»

«ትናንት አመሻሽ» አልኩ።

«አዎ። ሳላረጋግጥ ቃል አልሰጣትም አለ። ሞኝ ነው፣ ግን ጥሩ ሞኝ። ዛሬ ከጨዋታው በኋላ ስጣት አለኝ።»

«አሁንም... አሁንም ስጣት ብሎሃል?»

አርቪድስ ግንባሩን አከከ። «አሁን አልጠየቅኩትም። ልጠይቀው?»

«አይ። ተወው» አልኩና ወረቀቱን ነጠቅኩት። በጥፋቴ ላይ ይህችን ሌብነት ጨምሩልኝ። የሮጠው ለእኔ ነበር። የፎቶ አንሺው ብልጭታ ገና ዓይኔ ላይ ነበር፣ እኔም ራሴን እንደዚያ ቀን ጠልቼ አላውቅም።

ለዜኖን በዚያው ሳምንት ነገርኩት። ይሰድበኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ከግድግዳው ላይ የጋዜጣውን ፎቶ አውርዶ በግልባጩ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። «ታዲያ አላሸነፍኩማ» አለ። በማግስቱ እናቴ መልሳ ሰቀለችው፤ ለእሷ የሚነግራት ሰው አልተገኘም።

ለፖቪላስ በሪጋ በኩል ጻፍኩ። ሰባት ወረቀት ቀድጄ በስምንተኛው የቀረው ይህ ብቻ ነው፦ «የሰጠኸኝን ሸጥኩት። ለወንድሜ አዘንኩ፣ አንተ ላይ ደግሞ ቂም ያዝኩ፤ ቂሙ ውሸት ነበር፣ ሐዘኑም አያድነኝም። ይቅር በለኝ ለማለት አፍ የለኝም። መልስ ካልመጣ ይገባኛል።»

መልሱ በስድስተኛው ሳምንት መጣ። በፖስታው ውስጥ ሌላ ፖስታ፤ ወፍራም፣ ሰማያዊ፣ በቀይ ሰም የታሸገ። ላዩ ላይ በመምህር እጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦

«ነጭ፦ ፖቪላስ። ጥቁር፦ ብሮንያ። የተቋረጠበት ቦታ፦ ዋርሶ። ያሸገው፦ ነጭ። ሁለቱ ተጫዋቾች ካልተገኙ አይከፈትም።»

ሌላ ቃል የለም። እናቴ፣ «ምን ታፈጫለሽ፣ የፈላ ውኃ እንፋሎት ላይ ያዥውና ይከፈታል» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ይከፈት ነበር። ይቅርታ ይሁን ስንብት፣ በአምስት ደቂቃ አውቀው ነበር። ግን አንድ የታሸገ ነገር ሰጥቶኝ አባክኜዋለሁ፤ ሁለተኛ ደግሞ ሰጠኝ። ማን ሁለተኛ ያገኛል? ከአንሶላዎቹ ሥር አስቀመጥኩት።

ሦስት ዓመት። በየወሩ እጽፋለሁ፣ በየወሩ ይመልሳል፤ ስለ ተማሪዎቹ፣ ስለ ፖም ዛፎቹ፣ ስለ በረዶው። እያንዳንዱ ደብዳቤ «እርስዎ» ብሎ ይጀምራል። አንድ ጊዜ እንኳ «አንቺ» አላለም። ስለ ፖስታው እኔ አልጠየቅኩም፣ እሱም አላነሳም። ሌሊት ሌሊት ሳይሆን ጠዋት ጠዋት ነበር የሚያመኝ፤ ቢላዋ ባነሳሁ ቁጥር።

ከዚያ አገሮቹ ታረቁ። ማን ማንን አስገድዶ እንደሆነ ጋዜጣው ይጻፈው፤ እኔ ያየሁት ሐዲዱ ላይ ያለው ሣር መታጨዱን ነው። በበጋ፣ ፖቪላስ ወደሚኖርበት ወደ ካውናስ የሚሄድ ባቡር ተሳፈርኩ። ፖስታውን በሸሚዜ ውስጥ ይዤ፣ በየጣቢያው ሰሙን እየነካሁ፣ ተሰብሮ እንደሆነ እየፈራሁ።

ጣቢያው ላይ ቆሟል። ከስቷል፤ ጆሮ ግንዱ ሸብቷል። ባርኔጣውን አወለቀ። እጄን እንኳ ሳይጨብጥ፣ «አመጡት?» አለኝ።

አውጥቼ ሰጠሁት። ሰሙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፣ ወደ ብርሃኑ አዞረው፣ ደግሞ ዳሰሰው። መልሶ ሰጠኝና፣ «ሁለታችንም አለን። ይክፈቱት» አለ።

በጥርሴ ቀደድኩት። ውስጡ አንድ ወረቀት ነበር፣ አራት ታጥፎ። ዘረጋሁት። ነጭ ነው። ገለበጥኩት። ነጭ ነው። ሦስት ዓመት ከአንሶላ ሥር የጠበቅኩት ምንም ነበር። የሚለኝ ነገር ስላልነበረው ይሆናል፣ ወይም ሊቀጣኝ፤ ቢቀጣኝም የሚገባኝ ነው፣ አልኩ በልቤ። ቦርሳዬን ከመሬት አነሳሁ።

«ቆይ፣ ወዴት ነው?» አለ። «ዳኛው የሚሉትን ረሳሽው እንዴ?»

«አንቺ» አለኝ። ቀድሞ የሰማሁት እሱን ነው። ከዚያ ቀስ ብሎ የሽማግሌው ድምፅ መጣልኝ፣ ሃምሳ ጊዜ ሰምቼ ማዳመጥ ያቆምኩት። ባዶ ወረቀት ያሸገ...

«ደብዳቤሽ የደረሰኝ ቀን ነው ያሸግኩት» አለኝ። «ያኔውኑ እጄን ሰጥቻለሁ።»

«ታዲያ ሦስት ዓመት ለምን አስጨነቅኸኝ?»

«ይቅር ብዬሻለሁ ብዬ ብጽፍልሽ አንብበሽ ታርፊ ነበር። ሰው ካረፈ ድንበር አይሻገርም።» መሬት መሬቱን አየ። «ደግሞ ጥፋቱን የጀመርኩት እኔ ነኝ። የታሸገ አይነገርም። ላንቺ ብዬ ጣስኩት፣ ሸክሙን አንቺ ላይ ጣልኩት።»

«እንደሱ አትበል» አልኩት። «ይቺን ጥፋት እንኳ አትውሰድብኝ፣ የኔ ናት።»

ባዶውን ወረቀት በሁለት እጄ እንደያዝኩ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ጮክ ብዬ አለቀስኩ። ፖቪላስ ቦርሳዬን ተቀበለኝ። ወንድሜ አንድ ቀን ያላሸነፈውን ጨዋታ አሸነፍክ ተብሎ ተጨበጨበለት፤ ዛሬ ተራው የእኔ ሆነ። ልዩነቱ እኔ ማውረድ የምችለው ፎቶ የለኝም። ያለኝ ይህ ሰው ነው፣ ቦርሳዬን ይዞ ከፊቴ የሚሄደው፣ እኔም ጀርባውን እያየሁ ተከተልኩት።